ሁለት እግርና ሁለት ዛፍ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ባለፈው ሰሞን በአንድ ሌሊት ብቻ ሰባት ጊዜ ሰማሁት። ቆጥሬዋለሁ። የሚዛን ዝናብ የዶርማችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ መብራት ሲመጣ ሲሄድ፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎን ሳለ፣ ከላይኛው አልጋ አንዱ ድንገት «ለመሆኑ ያ አርሴናል የነበረው ያበሻ ልጅ የት ደረሰ?» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛል! ስድስት ሰዎች ነን፤ ስድስታችንም ስለ ጌዲዮን ዘላለም የተዘጋጀ አስተያየት ነበረን። አንዱ «ከሐዲ ነው» ይላል፤ ሌላው «መብቱ ነው፣ አንተ ምን አገባህ?» ይላል፤ ሦስተኛው ተረቷን ይደግማል። እኔ ያን ሌሊት ከመጮህ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም። ጠዋት ግን ጥያቄው አለቀቀኝም። ሰው የእግሩ ባለቤት ነው ወይስ አይደለም? ተሰጥኦው የማን ነው? ወላጆቹ የተወለዱበት፣ እሱ ግን ያልኖረበት አገር «የኔ ነህ» ሊለው የሚችለው በምን ሒሳብ ነው?

በመጀመሪያ የልጁን ታሪክ እናስታውስ፤ ምክንያቱም ያን ሌሊት ከጮኽነው ግማሹ ስሕተት ነበር።

ጌዲዮን እ.ኤ.አ. በጥር 1997 በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። በ2006 ወደ አሜሪካ ሄዶ በሜሪላንድ አደገ። እዚያ ኦልኒ ሬንጀርስ በሚባል የታዳጊዎች ክለብ ሲጫወት የአርሴናል ሰዎች ዓይን ውስጥ ገባና በ2013 መጀመሪያ ላይ ለንደን ተሻገረ። በጥር 2014፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኤፍ ኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ ገባ፤ አርሴን ቬንገር አሠልጣኝ ከሆነ በኋላ ተወልዶ ለአርሴናል ዋና ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋችም ተባለ። ያኔ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የነበረውን ጩኸት ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ ያወሩታል። የአርሴናል ደጋፊ ያልሆነ ሰው እንኳ ለአንድ ቀን አርሴናል ሆኖ ነበር ይላሉ። (የአርሴናል ደጋፊ በዚያን ጊዜ ደስታ ስለጠፋበት ባገኘው ነገር ይደሰት ነበር የሚሉም አሉ፤ እሱን ለነሱ ትቼዋለሁ።)

በታዳጊነቱ ለጀርመን ከ15 እስከ 17 ዓመት በታች ባሉት ቡድኖች ተጫውቷል። በ2014 መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ አባቱ ዜግነት ሲያገኝ ልጁ ገና 18 ስላልሞላው በአባቱ በኩል የመጣለት ነው። እንግዲህ ሦስት አገር በአንድ አማካይ ላይ ተገናኘ ማለት ነው፤ የተወለደበት፣ ያደገበትና ወላጆቹ የመጡበት። እሱ አሜሪካን መረጠ።

ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። የፊፋ ደንብ ፓስፖርት ብቻውን አይበቃውም፤ ያኔ ለአዲሱ አገር ለመጫወት እዚያ አገር መወለድ፣ ወይም ከወላጆች ወይም ከአያቶች አንዳቸው እዚያ መወለድ፣ ወይም ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ አምስት ዓመት እዚያ መኖር ያስፈልግ ነበር። ጌዲዮን በአሜሪካ በኩል ከነዚህ አንዱም አልነበረውም። አልተወለደባትም፤ ወላጆቹም አያቶቹም አልተወለዱባትም፤ 18 ዓመት ሲሞላው የሚኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለፊፋ ቀረበና በግንቦት 2015 በልዩ ሁኔታ ተፈቀደለት። ወዲያው በኒውዚላንድ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተሰለፈ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በፊፋ መዝገብ ቢታይ፣ ልዩ ፈቃድ ሳይጠየቅበት ክፍት የነበረው የዘር በር የኛ ነበር፤ ወላጆቹ ኢትዮጵያ ተወልደዋልና። በኛ ሕግ ቢታይ ግን በጣም የጠበበው በር ያው የኛው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል፤ በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንኛውን ትቶ ይህንኛውን እንደሚፈልግ ካላስታወቀ ያው ነው። አንድ ዓመት! እኔ 18 ዓመት በሞላኝ ዓመት የወሰንኩት ትልቅ ነገር ቢኖር ከሶሺዮሎጂና ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የትኛውን ልማር የሚለውን ነው፤ እሱንም እስከ ዛሬ እጠራጠረዋለሁ።

በውጭ ላሉት ወገኖች የተተወች አንዲት መስኮት አለች። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ ያለ ቪዛ የሚገባበት፣ የሚኖርበት፣ የሚሠራበት መታወቂያ ይሰጠዋል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ በመከላከያና በመሰል መሥሪያ ቤት አይቀጠርም እንጂ ሌላው ብዙ መብት አለው። ሕዝቡ ይህን መታወቂያ ምን ብሎ እንደሚጠራው የማያውቅ የለም፤ «ቢጫ ካርድ» ነው። ይህን ስም ያወጣው ሰው ኳስ ያይ እንደሆነ አላውቅም። ቢጫ ካርድ በሜዳ ላይ «እስካሁን ታግሼሃለሁ፣ ከእንግዲህ ግን ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ታዲያ በዚህ ካርድ ቡና መነገድ ይቻላል፣ ማሊያ መልበስ ግን አይቻልም፤ ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነትን ነው፣ የዘር ሐረግን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ «ከሐዲ» ያለው ወንድሜ ቢያንስ አንድ ነገር ይመልስልኝ። የተዘጋ በር ያላንኳኳን ሰው ከሐዲ ይሉታል?

እሱ ግን በሕግ የሚረታ ሰው አይደለም። «ሕጉን ተወው፤ እኔ የማወራው ስለ ኅሊና ነው» አለኝ። ደግ፤ ስለ ኅሊና እናውራ።

ብዙ ጊዜ በዚህ ክርክር የሚነሳው የመጀመሪያው ነገር አጥንት ነው። የአባቱ አጥንት፣ የእናቱ አጥንት። እኔ አጥንት ቆጠራ ያስፈራኛል፤ የሚያስፈራኝም ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ሁለተኛው ውለታ ነው፤ ይህ የበለጠ ክብደት አለው። ያበላ፣ ያጠጣ፣ ያስተማረ ሰው ይገባዋል እንላለን። በኛ ባህል ውለታ የበላ ሰው ከሌባ እኩል ነው። ነገር ግን የጌዲዮንን ውለታ እንደ እሸት ቡና በሚዛን ላይ እናድርገውና እንመዝነው። መጀመሪያ የተራመደው በርሊን ነው። ኳስን እንደ ሥራ የያዘው ሜሪላንድ ነው። ለሙያ ያበቃው የለንደን ክለብ ነው። በዚህ ሚዛን ኢትዮጵያ የምታስቀምጠው ምንድን ነው? የወላጆቹን ቋንቋ፣ ስሙን፣ ምናልባትም የእሑድ ቀን ወጡን። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። ሆኖም በነዚህ ብድር የሚጠየቅ ከሆነ ብድሩን የሚጠይቁት ወላጆቹ ናቸው እንጂ የፌዴሬሽኑ ጸሐፊ አይደለም።

ከውለታ ሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ክርክር ነው፤ ይኸውም የችግረኛ ጥያቄ። ከኛ ጋር የሚያድረው የጤና ተማሪ እንዲህ አለ፤ «ሐኪም አገሩን ጥሎ ሲሄድ እናዝናለን አይደል? ለምን? አሜሪካ አንድ ሐኪም ቢጎድላት አታውቀውም፤ የቤሮ ወይም የሱርማ ጤና ጣቢያ ግን አንድ ሰው ሲጎድል ሰው ይሞታል። እንዲሁ ጀርመን መቶ አማካይ አላት፤ እኛ ስንት አለን? ከሌለው መንሣት ካለው እንደ መንሣት አይደለም።»

እውነት ለመናገር ይህ ክርክር ያን ሌሊት ዝም አሰኝቶኝ ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ የምጥለው አይደለም። ግን ኳስና ክትባት አንድ ናቸው? ቡድናችን ሲሸነፍ የሚሞት የለም፤ ቢበዛ እራት ሳይበላ የሚያድር ይኖራል። ደግሞም ስለ እግረኛው ይህን ያህል ስንጨነቅ ስለ ሐኪሙ እንዲህ አልጮኽንም። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴን ውሰዱ። ከኢትዮጵያዊ አባትና ከቼክ እናት እ.ኤ.አ. በ1986 በትሬቢች ከተማ ተወለደ። በ2011 ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ በ2012 በአውሮፓ ዋንጫ ተጫወተ፤ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በቬርደር ብሬመን ቀኝ መስመር ላይ ሠራ። እኛ «ለምን ለኛ አልተጫወተም?» እንላለን። አባቱ ግን ሐኪም ነው፤ ለትምህርት ሄዶ በዚያው የቀረ። በአባትየው ላይ ልፈርድ አይደለም፤ ያ ዘመን ስንቱን በሄደበት እንዳስቀረ ሁላችንም ከቤታችን እናውቀዋለን። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ማሊያ ላይ «ገብረ ሥላሴ» የሚል ስም ስናይ የቆጨንን ያህል፣ ነጭ ጋዋን ላይ ብናየው አይቆጨንም ነበር። እንግዲህ የሚያስጮኸን ችግራችን ነው ወይስ ኩራታችን?

በነገራችን ላይ ያ ልጅ በዚያ አውሮፓ ዋንጫ፣ በሰኔ 2012 ቭሮትስዋፍ ላይ ከሩሲያ ጋር ሲጫወቱ፣ ከሩሲያ ደጋፊዎች በኩል የዘር ስድብ ወርዶበታል። የተሰደበው ቼክ ሆኖ ለቼክ ሲጫወት ነው። ጀርሲው የቼክ፣ ስድቡ ግን የኛ ድርሻ።

እዚህ ላይ ከቡና አገር መሆኔ አንድ ምሳሌ ሰጠኝ። ከኛ ከሚዛን ብዙም ሳይርቅ ጎሪ ጌሻ የሚባለው ደን አለ። ከዚህ አካባቢ ደን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቡና ዘር ተሰብስቦ ወጣ። በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች አድርጎ፣ ታንዛኒያን ተሻግሮ፣ በ1953 ኮስታሪካ ቱሪያልባ ደረሰ። ከዚያ ወደ ፓናማ ሄደ። ለብዙ ዓመታት ማንም ልብ አላለውም፤ ቅርንጫፉ ስስ፣ ምርቱ ትንሽ ነው ብለው በየጥጉ ተዉት። በ2004 ግን የኤስሜራልዳ እርሻ ሰዎች ለብቻው ለቅመው ወደ ፓናማ ውድድር አቀረቡት፤ አሸነፈ፤ የዓለም ውድ ቡና ሆነ። ፈረንጆቹ ስሙን «ጌይሻ» እያሉ ከጃፓን ሴቶች ጋር ሲያደባልቁት ይኖራሉ።

ታዲያ ጌሻ ቡና የማን ነው? የኛ ነው ብል ማን ይከለክለኛል፤ ሥሩ እዚህ ነው። ግን ደግሞ እውነቱን እንናገር። እኛ ጋ በነበረ ጊዜ ከጀንፈል ጋር ተደባልቆ በጆንያ ይሸጥ ነበር። ለብቻው ለቅሞ፣ ለብቻው አጥቦ፣ «ይህ የተለየ ነው» ያለው የፓናማ ገበሬ ነው። የሁለቱንም ድካም በአንድ ቃል ለአንዱ መስጠት ግፍ ነው።

የጤና ተማሪው ወዲያው ያዘኝ። «ቡና አይመርጥም፤ ሰው ይመርጣል። ቡናን ማንም ከሐዲ አይለውም» አለ። ትክክል ነው፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል። ቢሆንም ጌዲዮንም በዘጠኝ ዓመቱ ወደ ሜሪላንድ ሲወሰድ እንደ ቡናው ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። ምርጫው የመጣው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ሥር ከሰደዱ በኋላ መምረጥ ማለት ብዙውን ጊዜ የሆኑትን መቀበል ነው እንጂ አዲስ ነገር መፍጠር አይደለም።

ሁሉም ግን እንደሱ አልመረጠም። በ2010 የዓለም ዋንጫ ሁለት የቦአቴንግ ወንድማማቾች፣ አንዱ በጀርመን ሌላው በጋና ማሊያ፣ ፊት ለፊት ቆመዋል። በታኅሣሥ 2022 ኳታር ላይ ማድሪድ የተወለደው አሽራፍ ሐኪሚ ለሞሮኮ የመጨረሻውን ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ ስፔንን አሰናብቷል፤ ከዚያ የሞሮኮ ቡድን 26 ተጫዋቾች 14ቱ የተወለዱት ከሞሮኮ ውጭ ነው። የኛዎቹም አሉ። ድሬዳዋ ተወልዶ አሜሪካ ያደገውና ለአሜሪካ ታዳጊዎች የተጫወተው ፉአድ ኢብራሂም፣ ስዊድን ያደገው ዩሱፍ ሳላህ፣ ሁለቱም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ በ2013 ደቡብ አፍሪካ ከቡድናችን ጋር ነበሩ። ለስዊድን ከ21 ዓመት በታች የተጫወተው ዋሊድ አታም ቆይቶ የኛን ማሊያ ለብሷል። ስለነሱ ያን ሌሊት ማንም አላነሳም። የቀረብንን እንጂ የመጣልንን አንቆጥርም፤ ይህ ጠባያችን ነው።

እነሱ ሲመጡ ምን አገኙ? ቡድናችን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት የራሱ ሜዳ አልነበረውም፤ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ አላሟሉም ተብለው ታገዱ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ ድንቅ ጨዋታ «በሜዳችን» የተደረገ ነው፤ ሜዳችን ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፈን ሦስት ነጥብ ተቀምተናል። በሰው ካርድ የምንፈርድ ሰዎች የራሳችንን ካርድ መቁጠር አቅቶን ነበር ማለት ነው። እንግዳ የሚጠራ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ይጠርጋል። እኔ ወደዚህ ነው የማዘነብለው፤ አገር ባላሳደገችው ልጅ ላይ ያላት የግብዣ መብት ነው፣ የዕዳ መብት አይደለም። ዕዳ ያልከፈለ ይከሰሳል። ግብዣ ያልመጣ ሰው ግን ይናፈቃል እንጂ አይሰደብም።

ይህን ስል የኩራቱን ነገር እንደ ተራ ነገር የቆጠርኩት እንዳይመስላችሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ምን እንደሆነ አያቶቻችን ያውቁታል። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፤ ከግብፆች ጋር። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለቴ አቻ ሆንን፤ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ፣ የመጨረሻውን መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። በመካከል ያሉትን ሁለቱን፣ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አቻ ያደረገችንንና በጭማሪው መሪ ያደረገችንን፣ ማን አገባ? ሉቻኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ። አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው ኤርትራዊት። ሉቻኖ አምበልም ነበር፤ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። የተወለደው አሥመራ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ማለት ጣልያን በወረረን ዓመት ነው። ጣልያን ከአገር ከወጣ 21 ዓመት ሳይሞላ፣ ቫሳሎ የሚባል ሰው የኢትዮጵያን ዋንጫ ከፍ አደረገ! ያን ቀን ስታዲየም ከነበረው ሕዝብ መሀል «የአባቱ አጥንት ከየት ነው?» ብሎ ግቡን የመለሰ አልነበረም።

ያ ሰው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 አገር ጥሎ ወደ ጣልያን ሸሸ። በ2022 እዚያው አረፈ። የተወለደባት አሥመራም ከ1993 ጀምሮ የሌላ አገር ዋና ከተማ ናት። ጌዲዮን ሦስት አገር መሀል የቆመው ስለተጓዘ ነው፤ ሉቻኖ ግን ቢቆምም አገሩ በእግሩ ሥር ተጓዘ። ተረታችን ስለ ሁለት ዛፍ ያወራል፤ ዛፉ ራሱ ሲሄድስ?

አሁን ስለ አጥንት ቆጠራ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩትን ልንገራችሁ። ታሪኩ ትንሽ ነው፤ እኔንም አያስከብርም።

በግቢያችን ተማሪው ባገሩ ልጅነት ቡድን እየሠራ እንደሚጫወት ታውቃላችሁ። አምና «የወሎ ልጆች» እና «የቡና አገር ልጆች» ደረሱ። እኔ የቡና አገር ነኝ፤ ተከላካይ ነኝ፣ ጎበዝ ግን አይደለሁም። በዶርማችን አንድ ልጅ አለ፤ ግራ እግሩ ጉድ ነው። አያቶቹ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው በዚህ በደቡብ ምዕራብ የሰፈሩ ናቸው። አባቱ ሕፃን ሆኖ መጣ፤ እሱ ቴፒ አጠገብ ተወለደ፤ እናቱ የዚሁ አገር ሰው ናት። አማርኛውም ሸክኛውም አፉ ላይ ነው፤ ቆጮም ይበላል፣ የአያቱን የወሎ እንጉርጉሮም ያውቃል። ሁለቱም ቡድን መጣበት። የወሎ ልጆች «አያትህ ምን ይላሉ?» አሉት። እኛ «እትብትህ የት ነው የተቀበረው?» አልነው። እኔ ራሴ ነኝ ይህን ያልኩት፤ ጥሩ ክርክር መስሎኝ ነበር። ከኛ ጋር ተጫወተ። አንድ አገባ። ጨዋታው አቻ አለቀና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄድን፤ የመጨረሻውን እሱ መትቶ ከአግዳሚው በላይ ሰደደው።

ከኛው ቡድን አንዱ፣ ጮክ ሳይል፣ «ድሮስ ሰፋሪ!» አለ።

እሱ ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ፤ የታኬታዬን ክር የምፈታ መሰልኩ። ከአሥር ደቂቃ በፊት እትብቱን ስቆጥርለት የነበርኩት ሰውዬ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው፣ ለአንድ ሰው «የኛ ነህ» ማለትና «የኛ አይደለህም» ማለት ከአንድ አፍ፣ ከአንድ ሒሳብ እንደሚወጡ የገባኝ። እትብት ቆጥሮ የጠራ ሰው ነገ አጥንት ቆጥሮ ያባርራል። ሜሱት ኦዚል እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመንን ቡድን ሲተው ያማረረው ይህንኑ ነበር፤ ስናሸንፍ ጀርመናዊ፣ ስንሸነፍ መጤ። እሱ ያለው ስለ ሚሊዮኖች አገር ነው። የኛው ስለ አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ሕመሙ ግን በሰው ብዛት የሚለካ አይመስለኝም።

ጌዲዮን የት ደረሰ ለሚለው፤ በ2015 ለግላስጎው ሬንጀርስ በውሰት ሄዶ ቡድኑ ወደ ላይኛው ሊግ ሲመለስ አብሮ ነበር። በ2017 ደቡብ ኮሪያ ላይ፣ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ከኢኳዶር ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱ ተጎዳ። ጅማት ነው፤ ጅማት ደግሞ የማንንም ፓስፖርት አይጠይቅም። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በካንሳስ ሲቲና በኒውዮርክ ተጫወተ። ለአሜሪካ ዋና ቡድን አንድም ጊዜ አልተሰለፈም። «አየህ! የመረጠው አገርም አልተጠቀመበትም» አለ ከላይኛው አልጋ ያለው፣ እንደ መርካት እያለ። ይህ ነገር ግን ክርክሩን በየት በኩል እንደሚረዳው አልገባኝም። አንድ የ20 ዓመት ልጅ ጉልበቱ ሲቀደድ የተፈረደበት የሚመስለን ከሆነ፣ መጀመሪያም የጠየቅነው ስለ አገር ፍቅር አልነበረም።

ያን ሌሊት ባለ ግራ እግሩ ልጅ አልተኛም ነበር፤ ክርክሩን ሁሉ ከታችኛው አልጋ ሰምቷል። አንዲት ቃል አልተናገረም። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር፣ ያምናውን ነገር አንስቼ ይቅርታ ልለው ፈለግሁ። «አንተ፣ ያኔ...» ብዬ ጀመርኩ። «ሳሙናውን አቀብለኝ» አለኝ። አቀበልኩት።

የዘንድሮው ውድድር ሊጀመር ሲል ሁለቱም ቡድን እንደገና ላከበት። ታኬታውን ለወሎ አጥቂ አዋሰው፤ ካልሲውን ለኛ በረኛ። እሱ ፊሽካ ለምኖ ዳኛ ሆነ። ካርዶቹን ከደብተር ልባስ ነው የቆረጣቸው፤ ቀዩ ትንሽ ደብዝዟል፣ ቢጫው ግን ከሩቅ ይታያል። በመጀመሪያው ቀን፣ በ12ኛው ደቂቃ፣ ቢጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በእኔ ላይ ነው። ኳሷን ነበር የነካሁት።